75 ኪሎ የተጻፈበት ደረት ማስፊያ፦ አምስቱንም ሞላ አንድ በአንድ ፈተሽኩት

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው ትከሻው ወደፊት ይታጠፋል። የኔም ታጥፏል። ባለቤቴ «ጎበጥክ እኮ» ስትለኝ ከረመች። ጂም ልግባ ብዬ ሄጄ የወር ክፍያውን ስሰማ ጉብጠቱ ራሱ አልከፋኝም። ስለዚህ ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ጎረምሶች ግቢ ውስጥ ሲታገሉት የማየውን ዕቃ ልግዛ አልኩ። ታውቁታላችሁ፤ ሁለት እጀታ አለው፣ በመሃሉ አምስት የብረት ሞላ ጎን ለጎን ተደርድሯል፣ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ደረታችሁ ፊት ትስቡታላችሁ። አንዳንዱ ደረት ማስፊያ ይለዋል፣ ሌላው «ሞላው» ብሎ ይገላገላል። እኔም እንደመጣልኝ እጠራዋለሁ።

ስታዲየም አካባቢ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች አንዱ ጋ ገባሁ። የሱቁን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታዩታላችሁ። ልጁ 1,800 ብር አለ። 1,200 አልኩ። ሳቀ። ወጥቼ ሦስት እርምጃ ስሄድ «ና ወንድሜ፣ ና እንነጋገር» አለኝና በ1,400 ተስማማን። ካርቶኑ ላይ ጡንቻው የፈረጠመ ሰውዬ አለ። ከሥሩ በትልቁ ተጽፏል፦ 5 ሞላ፣ እያንዳንዱ 15 ኪሎ፣ በድምሩ 75 ኪሎ። «75 ኪሎ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ከፈለግክ 75፣ አንዱን ስታወጣው 60፣ ሁለቱን ስታወጣ 45፣ እንደ ጉልበትህ ነው» አለኝ። ግልጽ ነው። ሂሳቡ ልክ ነው ወይ የሚለው ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ።

ከስታዲየም ባቡር ይዤ ልደታ ወረድኩ። ባቡር ውስጥ ካርቶኑን ታቅፌ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ አዩትና «ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ። በጎረምሳነታቸው ሲስቡት ሞላው ደረታቸውን ቆንጥጦ ፀጉር እንደነቀለላቸው ነገሩኝ። እንደ ቀልድ ነበር የያዝኩት። በማግስቱ ጠዋት ያለ ቲሸርት ሞከርኩት። ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። ሞላው ሲሳብ ቀለበቶቹ ይከፈታሉ፣ ሲመለስ ይዘጋሉ፣ በመሃል ያገኙትን ይነክሳሉ። ቲሸርት ልበሱ፣ ወፈር ያለ ቢሆን ይመረጣል።

የመጀመሪያው ቀን አምስቱንም ሞላ እንዳለ ሳብኩት። አንድ ስንዝር እንኳ አልረዘመም። ባለቤቴ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ «ተጣብቆ ነው?» አለችኝ። አንጀቴ ተቃጠለ። ሁለቱን አወጣሁና በሦስት ሞከርኩ። አሁን ተሳበ፣ ግን ሌላ ጣጣ መጣ፤ እጀታው እጄ ውስጥ ይጣመማል። በአውራ ጣቴ በኩል ያለው ጫፍ ወደ ውጭ ይሸሻል፣ በትንሿ ጣቴ በኩል ያለው ወደ ውስጥ ይሳባል፣ የእጄ አንጓ ደግሞ ሁለቱን ለማስታረቅ ይታገላል። በሦስተኛው ቀን አንጓዬን አመመኝ። መጀመሪያ ያማሁት ራሴን ነው፤ አያያዝ አላውቅበት ይሆናል ብዬ። ከዚያ እጀታውን ገለበጥኩትና ሳብኩት። ጠማማው ጎንም አብሮ ተገለበጠ። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ከሦስቱ ሞላዎች አንዱ እንደ ወንድሞቹ አይደለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጣመኝ።

ሁለት እጀታ መካከል ጎን ለጎን የታሰሩ ሞላዎች አንድ ነገር ይጋራሉ፣ እሱም ርዝመቱ ነው። እጀታው ቀጥ ብሎ እስከሄደ ድረስ አንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ከተለጠጠ ሁሉም 40 ይለጠጣል፣ ምርጫ የለውም። ጭነቱን ግን እኩል አይካፈሉም። ደረቁ ብዙ ይሸከማል፣ ለስላሳው ትንሽ። አንድ ወጥ ሞላ ከሆኑ ድርሻቸው እኩል ይወጣል፤ ከመካከላቸው አንድ ሰነፍ ካለ ግን የሱን ድርሻ ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። እንደ ሰፈር ዕድር አስቡት፣ አንዱ ባያዋጣም ድንኳኑ መተከሉ አይቀርም፣ መዋጮው ግን ለቀሩት ይከብዳል። ሰነፉ ጫፍ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ እጀታው ወደ ብርቱዎቹ ይጎተታል። የኔን አንጓ ያሳመመው ይሄው ነው።

ሰነፉን ለመያዝ አምስቱንም ፈታሁና የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ መደገፊያ ብረት ላይ በየተራ አንጠለጠልኩ። ለክብደት የተጠቀምኩት ሃይላንድ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቤቱ ሙሉ ሃይላንድ የሌለው ማን አለ? 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፣ ከዚህ የቀለለ ሚዛን አይገኝም። ለማረጋገጥ ግን ታች አትክልት የምትሸጠው ልጅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። «ውሃ ልትሸጥ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። የቀረውን ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

በእያንዳንዱ ሞላ ላይ 3 ኪሎ ሰቀልኩ። አራቱ 20 ሴንቲ ሜትር ግድም ረዘሙ፣ ልዩነታቸው ከጣት ውፍረት አይበልጥም። አምስተኛው 35 ሴንቲ ሜትር ሄደ። በዓይን ስታዩት አምስቱም መንታ ናቸው፤ ርዝመታቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ የቀለበታቸው ስፋት አንድ። ጠጋ ብዬ በጥፍሬ ስዳስሰው ግን የአምስተኛው ሽቦ ቀጠን ይላል። በጣም ትንሽ። ካልተነገራችሁ አታዩትም።

ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው፤ ሞላ ላይ የሽቦ ውፍረት እንደዋዛ የሚታይ አይደለም። የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር በአራተኛ ደረጃ ነው የሚሄደው፣ ማለትም ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ሽቦው 10 በመቶ ብቻ ቢቀጥን ሞላው 34 በመቶ ይለሰልሳል። 0.9 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 0.656 ነው፣ በስልካችሁ ሞክሩት። የቀለበቱ ስፋት ደግሞ በሦስተኛ ደረጃ በተቃራኒው ይሠራል፤ ሰፋ ሲል ይለሰልሳል። የቀለበቱ ብዛትም እንዲሁ ነው፣ በበዛ ቁጥር ሞላው ለስላሳ ይሆናል። ለዚህ ነው ሞላ ለሁለት ሲቆረጥ የሚደርቀው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ጥቅል ሽቦ አልቆ ሌላ ሲገባ ትንሽ ከቀጠነ፣ ልዩነቱ የኔ አንጓ ድረስ ይመጣል።

ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ልጁ ገና ሳልጨርስ «ሞላ ሞላ ነው ወንድሜ፣ ሲሠራ ይለቃል» አለኝ። «በሦስት ቀን?» አልኩት። «አጠቃቀም ይወስነዋል» አለ። ደረሰኝ አልሰጠኝም ነበር፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ይሄ የራሴ ጥፋት ነው፣ እናንተ አትድገሙት። ሙግቱ ሊረዝም ሲል ከውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ወጡ፣ ምናልባት ባለቤቱ ናቸው። «አምጣው እስቲ» አሉኝ። ሁለቱን ሞላ ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር አብረው ሰቀሉ፣ ታችኛውን ጫፍ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እጃቸው ይዘው እኩል ወደ ታች ሳቡ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ልጁን አዩት። «ይሄን ቀይርለት» አሉት። ያለ ሚዛን፣ ያለ ሃይላንድ፣ በእጃቸው አወቁት። እኔ አንድ ሰዓት የፈጀሁበትን።

ስለ ሱቁ ያለኝ ቅሬታ ሁለት ነው፦ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ልጁ ደንበኛን ሳይሰማ ይመልሳል። ምስጋናዬ አንድ ነው፣ ሽማግሌው።

ከመቀየሩ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሬ ነበር፣ ለናንተ ሊጠቅም ይችላል። ሰነፉን ሞላ መሃል ላይ አደረግኩት፣ ግራና ቀኙ ብርቱዎቹ። እጀታው መጣመሙን አቆመ። ጉልበቱ ግን እንደጎደለ ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ስስበው ብርቱዎቹ 5 ኪሎ 5 ኪሎ ይዘው ሰነፉ 3 ኪሎ ግድም ብቻ ነው የሚይዘው፣ በድምሩ በ15 ፈንታ 13። ለእጅ አንጓ ግን ሰላም ነው። መቀየር ያልቻለ ሰው በዚህ መኖር ይችላል።

አሁን ወደ 75 ኪሎዋ ልምጣ።

አዲሱ ሞላ ከገባ በኋላ አምስቱም እኩል ሆኑ። ታዲያ ለምን እስከ መጨረሻው አልፈትሸውም ብዬ እሁድ ከሰዓት ደረጃው ላይ ተመለስኩ፣ ሃይላንዶቼን፣ ሜትርና ቢጫ ጀሪካን ይዤ። የጎረቤት ልጆች ተሰበሰቡ። ከላይኛው ፎቅ እማማ ሲወርዱ ቆም ብለው «አንተ ልጅ፣ ደግሞ ምን እየሠራህ ነው?» አሉ። «ውሃ እየመዘንኩ ነው እማማ» አልኳቸው። «ውሃው ከመጣ መቼ አነሰን» ብለው ወረዱ።

በአንድ ሞላ ጀመርኩ። 1 ኪሎ ሰቀልኩ፣ ምንም። ንቅንቅ አላለም። 2 ኪሎ፣ 10 ሴንቲ ሜትር። 3 ኪሎ፣ 20። 5 ኪሎ፣ 40። ከመጀመሪያዋ ኪሎ በቀር ቁልጭ ያለ ነው፣ በተጨመረ ኪሎ 10 ሴንቲ ሜትር። ይህን ትምህርት ቤት የሁክ ሕግ ብለው አስተምረውናል። ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ ነው ያገኘው፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፈርቶ በ1676 (በፈረንጆቹ) ፊደሎቹን አመሰቃቅሎ እንደ እንቆቅልሽ አሳተመው፣ ፍቺውን ያወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1678 ነው። ሲፈታ «እንደ ልጥጠቱ እንዲሁ ጉልበቱ» እንደማለት ነው። እኔ ኪሎ የምለውን የፊዚክስ አስተማሪዬ ቢሰማ ቀይ እስክሪብቶ ያወጣ ነበር፣ ጉልበት በኒውተን ነው የሚለካው፣ 1 ኪሎ የሚስብበት ጉልበት 9.8 ኒውተን ነው። ሱቁም ካርቶኑም በኪሎ ስለሚያወሩ ግን እኔም በኪሎ እቀጥላለሁ።

ከዚያ ሁለት ሞላ ጎን ለጎን። ታች ያለው እጀታ ራሱ ስለሚከብድ የሱን ያህል ውሃ ከሃይላንዱ አጎደልኩ። 5 ኪሎ ሰቀልኩ። አንዱ ብቻውን 40 ከሄደ ሁለት ሲሆኑ ግማሹን 20 ይሄዳሉ፣ አይደል? 15 ሆነ። ደግሜ ለካሁ። 15። ሜትሩን ለአንዱ ልጅ ሰጥቼ እሱ እንዲለካ አደረግኩ። «15 ነው ጋሼ» አለኝ። ጋሼ ማለቱም ሌላ ሕመም ነው።

አምስቱን አንድ ላይ አድርጌ ያችኑ 5 ኪሎ ሰቀልኩ። አንዱን ሞላ 40 ሴንቲ ሜትር የወሰደች 5 ኪሎ አምስቱ ላይ ስትሰቀል ዜሮ። ምንም። አምስቱም ቀጥ ብለው እንደቆሙ ናቸው፣ በቀለበቶቹ መካከል የባቡር ቲኬት እንኳ አይገባም፣ ሞክሬዋለሁ። የተጠበቀው 8 ሴንቲ ሜትር ነበር።

ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ መጣልኝ። ያቺ የመጀመሪያዋ ኪሎ ናት! እንዲህ ዓይነቱ የሚሳብ ሞላ ፋብሪካ ውስጥ ሲጠመጠም ቀለበቶቹ እርስ በርስ ተጫጭነው፣ ተፋጭተው ነው የሚጠመጠሙት። ሳይነካም ውስጡ ራሱን ጨብጦ የያዘ ጉልበት አለ። ያንን ጭብጥ ሳታሸንፉ አንድ ሚሊ ሜትር አይከፈትም። የኔ ሞላ ጭብጡ 1 ኪሎ ነው። ሁለት ሲሆኑ 2 ኪሎ ለጭብጥ ብቻ ይሄዳል፣ አምስት ሲሆኑ 5 ኪሎ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ጥንካሬያቸው ብቻ ሳይሆን ጭብጣቸውም ይደመራል። እንደገና አሰላሁት፤ በሁለት ሞላ 5 ኪሎ ለእያንዳንዱ 2 ኪሎ ተኩል ነው፣ ከሱ 1 ለጭብጥ፣ የቀረው 1 ኪሎ ተኩል በ10 ሲባዛ 15 ሴንቲ ሜትር። ልክ! በአምስት ሞላ ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ይደርሳል፣ እሱም ጭብጡን ብቻ ያህላል፣ ስለዚህ ዜሮ። ልክ! ልጆቹ ፊት እጄን አጨበጨብኩ። እነሱም ሳይገባቸው አጨበጨቡ።

ለማረጋገጫ ቢጫውን ጀሪካን ሞልቼ አመጣሁ፣ 20 ሊትር ውሃና የጀሪካኑ ክብደት ተደምሮ 21 ኪሎ። ለአምስት ሲካፈል 4.2፣ ጭብጡ ሲነሳ 3.2፣ ስለዚህ 32 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት ብዬ ለልጆቹ ቀድሜ ነገርኳቸው። 32 እና 33 መካከል ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ በክብር ነው ሰላም የሚሉኝ።

በነገራችን ላይ፣ ሁለቱን ሞላ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን ከሌላው ጫፍ ጋር አያይዤም ሰቀልኳቸው። 3 ኪሎ፣ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንዱ እጥፍ። እዚያ ሁለቱም ሙሉውን 3 ኪሎ ይሸከማሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን 20 ይረዝማል። ጎን ለጎን ሲሆኑ ጉልበት ይደመራል፣ ተከታትለው ሲታሰሩ ልጥጠት ይደመራል። ለስፖርት ግን አይሆንም፣ መንጠቆው በመሃል ቢያመልጥ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ካርቶኑ። እያንዳንዱ ሞላ 15 ኪሎ እንዲሆን 1 ለጭብጥ፣ 14 ለልጥጠት፣ ስለዚህ 140 ሴንቲ ሜትር መለጠጥ አለበት። ሳይሳብ ከእጀታ እስከ እጀታ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲደመር 2 ሜትር። እጆቼን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ ዘርግቼ ባለቤቴ በሜትር ለካችኝ፤ ከጭብጤ እስከ ጭብጤ 150 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ እኔ ይህን ዕቃ መለጠጥ የምችለው 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ አንዱ ሞላ 10 ኪሎ ይሆናል፣ አምስቱም 50። 75 ኪሎዋን ለማየት 2 ሜትር የሚዘረጋ ክንድ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ ያለው ሰውዬ ይሆናል እንጂ የልደታ ሰው አይደርስበትም። ውሸት ነው አልልም። ኪሎ ብቻውን ሲጻፍ ግን ትርጉም የለውም፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ሲለጠጥ የሚለው ካልተጨመረበት። የልጁ «አንዱን ስታወጣ 60፣ ሁለቱን ስታወጣ 45» የምትለው ሂሳብም የምትሠራው ሁሌ እስከ 2 ሜትር ከሳባችሁት ነው።

ትክክለኛው ጥያቄ በጉልበቴ የት ድረስ እደርሳለሁ የሚለው ነው። የኔ ጉልበት በደህና ቀን 20 ኪሎ ግድም ነው። በሁለት ሞላ እስከ መጨረሻ፣ 90 ሴንቲ ሜትር እስበዋለሁ። በሦስት 57 ላይ እቆማለሁ። በአራት 40፣ በአምስት 30። ልብ በሉ፣ ከሁለት ወደ ሦስት ስትሄዱ 33 ሴንቲ ሜትር ትቀነሳላችሁ፣ ከአራት ወደ አምስት ግን 10 ብቻ። ያው አንድ ሞላ ነው የተጨመረው። ስለዚህ ከሁለት ወደ ሦስት ስትሸጋገሩ «ደከምኩ እንዴ» እንዳትሉ፣ ትልቁ ዳገት እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ለአንድ ሚኒባስ ለሚነዳ ጓደኛዬ ሜክሲኮ ማኪያቶ እየጠጣን ስተርክለት ዝም ብሎ ሰማኝና «አንተ፣ እኛ ጋ ይሄ ድሮ የታወቀ ነው» አለኝ። የኋላ ባሌስትራው፣ ማለትም ተደራራቢው የብረት ሞላ ላይ፣ ቅጠል አስጨምሯል። ሰው ሞልቶ ሲጭን ቂጡ መሬት አይነካም፣ ባዶውን ሲመለስ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥርሱን ያንገጫግጨዋል። ተደራርበው አብረው የሚታጠፉ ቅጠሎች ጥንካሬያቸው ይደመራል፣ እንደኔ ሞላዎች ማለት ነው፣ ተጨማሪው ቅጠል ሰው ይኑር አይኑር አያውቅም። ደግሞ «ሞላ በአንድ ጎን ብቻ አይቀየርም፣ መኪናው ያነክሳል» አለኝ። እኔ በአንጓዬ ሕመም የተማርኩትን ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሂሳቡን እሱ ነው የከፈለው፣ አዝኖልኝ ይመስለኛል።

ዕቃው ራሱ ምን ይመስላል ላላችሁ፤ እጀታው ፕላስቲክ ነው፣ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ እኔ የብስክሌት እጀታ ላስቲክ አለበስኩት። መንጠቆዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ሞላ ማውጣትና ማስገባት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የሞላው ቅብ ከሁለት ወር በኋላ መሃል ላይ መላጥ ጀምሯል። ዝገት እንዳይዘው ጨርቅ ላይ ትንሽ ዘይት አድርጌ እወለውለዋለሁ። ከመሳባችሁ በፊት መንጠቆውን ሁሌ እዩ፣ ፊት ለፊታችሁ ልጅ አይቁም። በላስቲክ የተሠራውም አይነት አለ፣ ቆዳ አይቆነጥጥም፣ ድምፅ የለውም። ግን ላስቲክ እንደ ብረት ሞላ በየኪሎው እኩል አይረዝምም፣ ፀሐይ ላይ ከተተወም ይሰነጣጠቃል። ጓደኛዬ በረንዳ ላይ ረስቶት አንድ ቀን እጁ ላይ ተበጠሰ። ለኔ ብረቱ ይሻለኛል፣ ቢያንስ አስልቼ አውቀዋለሁ።

ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አምስቱንም አስፈትታችሁ ሁለት ሁለቱን እንደ ሽማግሌው በእጃችሁ ሳቧቸው፣ የተለየ ካለ እዚያው ታገኙታላችሁ። ደረሰኝ ተቀበሉ። በሁለት ሞላ የምትሠሩ ከሆነ ከመሃሉ እኩል የራቁትን ቦታዎች ምረጡ፣ በሦስት ከሆነ መሃሉንና ሁለቱን ዳር። አንድ ጎን ላይ መደርደር አንጓ ያሳምማል። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። አንድ ኮከብ ለ75 ኪሎዋ ተቀንሷል፣ ግማሹ ለእጀታው።

ትከሻዬ? ትንሽ ቀና ብሏል፣ ባለቤቴ ግን «ሸሚዙ ነው» ትላለች። አሁን ሦስት ሞላ ላይ ደርሻለሁ፣ እስከ መጨረሻ ሳይሆን እስከ 60 ግድም። አራተኛው መሳቢያ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። አምስተኛውን ባለቤቴ ወስዳ የበረንዳውን በር በነፋስ እንዳይከፈት በመንጠቆ አስራበታለች። እኔ ሞላው በሩ ሲዘጋ ይላላል ብዬ ተከራክሬ ነበር። አልላላም። ያቺ 1 ኪሎ ጭብጥ በሩን ገጥማ ይዛዋለች።